የአምስተኛው ጥቅል ገዳይ

ጋሽ ሀብተወልድ ሐረር ውስጥ በአንዲት ትንሽ ሲኒማ ቤት የፊልም ማሽን ሲያዞሩ ሃያ ዓመት አልፏቸው ነበር። ከፊልሞቹ ሁሉ ሰው የሚወድላቸው አንድ ያረጀ የእንግሊዝ ፊልም ነው። ፊልም መናገር የጀመረ ሰሞን በጥቂት ገንዘብ የተሠራ፣ በር ሲዘጋ ግድግዳው የሚወዛወዝ፣ ድምፁም ከእንስራ ውስጥ የሚወጣ የሚመስል ነገር። ለንደን ላይ አንድ ሀብታም ሽማግሌ በገዛ ቤቱ ተገድሎ ይገኛል። ገረዲቱ፣ የወንድሙ ልጅ፣ ሐኪሙና የፖሊሱ ሹም አንድ ክፍል ውስጥ ይፋጠጣሉ። ማን ገደለው?

እዚህ ላይ ፊልሙ ይቆማል፤ የመጨረሻው፣ አምስተኛው የፊልም ጥቅል ድሮ ተቃጥሏላ! ታዲያ ጋሽ ሀብተወልድ መብራት አብርተው፣ መጋረጃው ፊት ቆመው መጨረሻውን በአፋቸው ይነግራሉ። ደግሞ ገዳዩን በየጊዜው ይለውጡታል። ዛሬ ሐኪሙ ከሆነ በሌላው እሑድ ገረዲቱ ናት። ሰዉም ይህንኑ ሊሰማ ተመልሶ ይመጣል።

በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ልጆቼ፣ ያ ክፉ ጊዜ፣ አንድ እሑድ ሳያስቡት «ገዳዩ የፖሊሱ ሹም ነው! መርማሪውም እሱ፣ ገዳዩም እሱ!» ብለው ጨረሱ። እንደዚያን ቀን ተጨብጭቦላቸው አያውቅም። አቦከር ሰፈር ካለው ቤታቸው እስኪደርሱ ጭብጨባው ከኋላ የሚከተላቸው መሰላቸው።

ማክሰኞ ቀበሌ ተጠሩ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ለገሠ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ሰው ነው።

«መርማሪውም ገዳዩም አንድ ነው ብለሃል። ማንን ማለትህ ነው?»

«ፊልሙን ነዋ፣ ጌታዬ።»

«ጌታ የለም፤ ጓድ በል። እሑድ እኔው መጥቼ አየዋለሁ። እንዳልከው ካልሆነ ከዚያው ወደዚህ ነህ።»

በዚያ ሰሞን «ወደዚህ» የገባ ሰው ሲወጣ እምብዛም አልታየም። ሚስታቸው ወይዘሮ ተናኘወርቅ የባላቸውን ጋቢ ለእስር ቤቱ ብርድ አጥፈው ዘንቢል ውስጥ ከተቱ። እሑድም ዘንቢሉን ይዘው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ።

አራተኛው ጥቅል አለቀ። መብራት በራ።

«መጨረሻውስ?» አለ ጓድ ለገሠ።

«ተቃጥሏል፣ ጓድ።»

«ታዲያ ፖሊሱን ገዳይ ያደረገው ማነው?»

ይኼኔ በር ላይ ሎዝ የምትሸጠው ዘምዘም ብድግ አለች።

«አቦ! የምን ፖሊስ? ሐኪሙ ነው እንጂ! ወላሂ መርፌውን በዓይኔ አይቻለሁ!»

«አንቺ ደግሞ ሎዝሽን ስትሰፍሪ አምልጦሻል» አላት ልብስ ሰፊው ሳኒ። «የወንድሙ ልጅ ነው። የኮቱ ቁልፍ ወድቆ ተገኝቷል። እኔ ቁልፍ ልሳሳት?»

«ኧረ ገረዲቱ ናት!» አለ ሌላው። አዳራሹ ተንጫጫ፤ ሁሉም ማለ። ፖሊሱን ግን አንድም ሰው አላነሳም።

ጋሽ ሀብተወልድ እንባቸው መጣ። መርፌውም ቁልፉም ፊልሙ ላይ የለም፤ ባለፉት ዓመታት እሳቸው ራሳቸው የፈጠሩት ነው። ሰዉ አንድም ሳይጥል ይዞላቸው ኖሯል።

ጓድ ለገሠ አዳራሹን ዙሪያውን አየና ወረቀት አውጥቶ ጽፎ ሰጣቸው። «ከዛሬ ጀምሮ መጨረሻው አንድ ነው። ሀብታሙ በዝባዥ ነበር፤ ሕሊናው ፈርዶበት ራሱን ገደለ። ሌላ ነገር ካወራህ እኔን አታውቀኝም!» ብሎ ወጣ።

ጋቢው በዘንቢሉ እንዳለ ወደ ቤት ተመለሰ።

በሚቀጥለው እሑድ ጋሽ ሀብተወልድ ወረቀቱን አነበቡ። ማንም አላጨበጨበም። በሦስተኛው እሑድ የመጣው ዘጠኝ ሰው ነው። ሲዘጉ ዘምዘም ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ ለእኔ እንኳ እውነቱን ይንገሩኝ። ማነው?»

«ተቃጥሏል እኮ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። እና ማነው?»

በሩን አዩ። ደጁ ላይ ማንም የለም፤ ቢሆንም የጓድ ለገሠ ወረቀት ታወሳቸው። «ሀብታሙ ራሱ ነው» አሏት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስለ እሳቸው የማለችውን ልጅ ዓይን ሳያዩ።

ዘምዘም አንድ እፍኝ ሎዝ አስጨብጣቸው ሄደች። እሳቸውም ሎዙን ሳይቀምሱ ቤታቸው ገቡ። ዘንቢሉ ከበሩ ሥር ነበር፤ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ጋቢውን ገና አላወጡትም።