የዝክሩን ዳቦ ማን ያዙር

ዴሳንካ ቲያትሩን ያየችው ከመጨረሻው ረድፍ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነው፤ ድንጋይ ከተወረወረ ልጇን ይዛ ለመሮጥ። በከተማቸው በቻቻክ መድረክ ላይ ሁለት ወንዶች ተፋቅረው፣ ቤተሰባቸው ሲታመስ ታይቶ አያውቅም። ጸሐፊው ደግሞ የእሷው ልጅ ራስትኮ ነው። ድንጋይ የወረወረ አልነበረም፤ እንዲያውም ከጎኗ ያሉት ሽማግሌ በመሐረብ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየች። እሷ ግን "ዛሬ ቢያልፍ ነገ አለ" እያለች ቤቷ ገባች።

በማግስቱ የቤቱ ዝክር፣ የቅዱስ ኒቆላዎስ ዕለት ነበር። ለዝክር ማንም አይጠራም፤ የሚያውቅ ራሱ ይመጣል። አባወራው የዝክሩን ዳቦ ከቤተሰቡ ጋር ግራና ቀኝ ይዞ በክብ ያዞረውና ይቆርሰዋል። ዘንድሮ ማንም አይመጣም ብላ ዓሣውን ስትጠብስ ረፈደ። ጎረቤቶች ግን መጡ። በመጨረሻ የሟች ባሏ ወንድም ሚሎዬ ገባና ኮፍያውን ሳያወልቅ ተናገረ።

"ዳቦውን ዘንድሮ እኔ ነኝ የማዞረው። ይሄ ልጅ ያንን የትናንቱን ጉድ በጻፈበት እጁ የወንድሜን ዳቦ አይነካም።"

"ቲያትሩን አይተኸዋል?" አለች ዴሳንካ።

"ምን ቆርጦኝ? ወሬው ይበቃኛል።"

"ተይ እማዬ፣ እሳቸው ያዙሩት" አለ ራስትኮ ቀስ ብሎ። መገፋት የለመደ ሰው አነጋገር ነበር። አንጀቷን ያቃጠላት ይሄ ነው።

"ወንድምህ በሞተ ዓመት የት ነበርክ? መንገዱ በረዶ ነው ብለህ ቀረህ። አባወራ ሆኖ ዳቦውን ያዞረው ይሄ ልጅ ነው፤ ጠረጴዛው ስለረዘመበት ወንበር ላይ ቆሞ። ያኔ እጁ ንጹሕ ነበር?"

"ያኔ እንዲህ አልነበረም።"

"እንዲሁ ነበር። የወለድኩት እኔ ነኝ፣ ለእኔ አትንገረኝ።"

ከዚያ ወደ ማድቤት ዞረች። የራስትኮ ወዳጅ ቬልኮ እዚያ፣ የታጠበ ሳህን መልሶ እያጠበ ነበር።

"ቬልኮ፣ ና፣ በዚያ በኩል ያዝ።"

"ደግሞ እሱ የማን ዘመድ ነው?" አለ ሚሎዬ።

"የዚህ ቤት።"

"ሚሎዬ" አሉ ጎረቤቷ አሮጊቷ ስሚልያ፣ "ወይ ያዝ፣ ወይ ተቀመጥ። ዓሣው ቀዘቀዘ።"

ሚሎዬ አልያዘም፤ አልተቀመጠምም። ሲወጣ አንድ ባልና ሚስት ተከትለውት ወጡ። የፈራችው ደረሰ፤ ነገም ሌላ እንደሚመጣ አልተጠራጠረችም። ቢሆንም እሷ፣ ራስትኮና ቬልኮ ዳቦውን ይዘው አዞሩት። ራስትኮ ቆርሶ መጀመሪያ ለእናቱ፣ ቀጥሎ ለቬልኮ ሰጠ። እሷ ወይኑን ስትቀዳ ሚሎዬ የወጣበትን በር ገና በንዴት ታይ ነበርና የቬልኮን እጅጌ አራሰችው።