የሚስተር ኩሪየን ክሊራንስ

አንጁን የጠላኋት ገና ከመኪና ሳትወርድ ነው። ምክንያቱም መኪናው የኔ ነበር። እሺ፣ የኔ እንኳ አይደለም፣ የሚስተር ኩሪየን ነው፤ ግን አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ በዚያ ኮሮላ ሊያለማምደኝ ቃል ገብቶልኛል። ሶ፣ አንዲት ከሂውስተን የመጣች ልጅ በአንድ እጇ መሪ ይዛ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሱቃችን ፊት ለፊት፣ እናቴ በሦስት ሙከራ የማትገባበት ቦታ በአንዴ ፓርክ ስታደርግ ሳይ ምን እንድል ነው የሚጠበቀው? «እንኳን ደህና መጣሽ»? ብያለሁ። ጥርሴን ነክሼ ነው ያልኩት።

ሚስተር ኩሪየን የአንጁ አያት ነው። የኬረላ ህንድ ነው፤ በወጣትነቱ ግን አሰላ ሒሳብ ያስተምር ነበር፣ እናቴን ወርቅውሃን ሰባተኛ ክፍል ያስተማራት እሱ ነው። ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ እዚህ ሎስ አንጀለስ ሱቃችን ገብቶ ኮረሪማ ሲያሸት አየችው። አርባ ምናምን ዓመቷ ሴትዮ እጇን ወደኋላ አድርጋ ቀጥ ብላ ቆመች። «ጉድ ሞርኒንግ ሰር!»

እሱም ፊቷን ትንሽ አየና፣ «ወርቅውሃ ተካ። ቁጥር አርባ ሰባት። የቤት ሥራ ሠርተሻል?» አላት።

ይኼን እናቴ ለደንበኛ ሁሉ ታወራለች። እሷ «እርስዎ» ነው የምትለው። እኔ አንቱ ስለው «ይኼን ያህል አርጅቻለሁ?» ብሎ ስለተቆጣ አንተ ነው የምለው።

ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ስለሚኖር ቀኑን እኛ ሱቅ ነው የሚውለው። ከሽሮው መደርደሪያ ጀርባ ያለችው ጠረጴዛ የሱ ናት። እዚያ እሱ ጂኦሜትሪ ያስረዳኛል፣ እኔ ፎርም እሞላለታለሁ። ፎርም የኔ ሥራ ነው። የዚህ ብሎክ ሰው ፖስታ ሲመጣለት «ማዕዶት የት አለች?» ነው የሚለው። የዲኤምቪ መንጃ ፈቃድ፣ የኢንሹራንስ፣ የልጆች ምሳ፣ የጋሼ ወንድይፍራው የታክሲ ወረቀት፣ ሁሉም በዚች እጅ አልፏል። ክፍያዬ ማንጎ ጁስ ነው።

የሚስተር ኩሪየንን የአሜሪካ ዜግነት ወረቀትም የሞላሁት እኔ ነኝ። መቶውን የፈተና ጥያቄ ወር ሙሉ የጠየቅኩት እኔ፤ ሲሳሳት «እንደገና!» ያልኩት እኔ፤ በ2014 ሜይ ላይ እጁን አንስቶ ሲምል ትንሿን ባንዲራ የያዝኩለት እኔ። አንጁ የት ነበረች? ሂውስተን። ቴክስት ላከች። ከሳቂታ ፊት ኢሞጂ ጋር።

በሳምንቱ «አሁን ክሊራንስ ይቀረኛል» አለ።

ጋሼ ወንድይፍራው ታክሲውን ውጭ አቁሞ እንደ ልማዱ ባንኮኒው ላይ ተደግፏል። «የምን ክሊራንስ ቲቸር?»

«የህንድ ነዋ። ሕጋችን ሁለት ዜግነት አይፈቅድም። ፓስፖርቴን እመልሳለሁ፣ ሰርዘው ‹ዜግነቱን ትቷል› የሚል ወረቀት ይሰጡኛል። ያን ሳልይዝ ወደዚያ መግቢያ ቪዛ አይሰጡኝም።»

«እንዴ፣ የኛስ መቼ ይፈቅዳል? የኔ ፓስፖርት ካልሲ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ። ማን ጠየቀኝ?»

«አንተ የትምህርት ቤት መጽሐፍም ሳትመልስ የወጣህ ትመስለኛለህ።»

«አንድ ብቻ ነው ቲቸር! ጂኦግራፊ!»

እናቴ እስክታነጥስ ሳቀች። ሚስተር ኩሪየን ግን ሰማያዊውን ፓስፖርት በሁለት እጁ ይዞ ነበር። «አሰላን ስለቅ የላይብረሪ፣ የስቶር፣ የስፖርት ክፍል አስፈርሜ ነው የወጣሁት። አገሬንማ እንዴት ያለ ክሊራንስ እለቃለሁ?» አለ። ታላቅ ወንድሙ ኬረላ ውስጥ ዓይኑ እየጠፋ ነው። «ጨርሶ ሳይጨልምበት ፊቴን ይይ» ብሎ ለኦገስት ሃያ ትኬት ቆርጧል።

ፓስፖርቱን ካኪ ፖስታ ውስጥ ከትቶ ሰጠኝ። ኮፒ እንዳደርገውና ፎርሙን እንድጀምር። ለኔ፣ በእጄ።

ከዚያ አንጁ መጣች፣ አብራው ልትበር።

ልጅቱ ምን የላትም? ቁመት አላት። ቃሪያ እንደ ካሮት ነው የምትበላው፣ እንባ የለ፣ ውሃ የለ። እናቴ «እንዴት ያለች ጨዋ!» ብላ ከመስቀያው ላይ ነጠላ አውርዳ አለበሰቻት። እኔ ያን ነጠላ ለፋሲካ ጠይቄ «የሚሸጥ ነው» ተብያለሁ። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን እትዬ የምሥራች የመጡ ቀን ነው። እትዬ የምሥራች በየሳምንቱ በርበሬ የሚገዙ ደንበኛችን ናቸው። ገቡ፣ ነጠላዋን አይተው አንጁን ጉንጭና ጉንጯን ስመው «እንዴት ነሽ የኔ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አሏት በአማርኛ። ዞር ብለው እኔን «ሃው አር ዩ?» አሉኝ። እኔን! የሱቁን ልጅ!

እና ማክሰኞ ዕለት አንጁ ላፕቶፗን ከፍታ «አፓቻ» አለችው፤ አያቷን እንደዚያ ነው የምትጠራው፤ «ይኼ እኮ ሁሉም ኦንላይን ነው። እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ሚስተር ኩሪየን ወደኔ ዞረ። «ማዕዶት፣ ያለውን ሁሉ ለአንጁ ስጫት። አንቺ እረፊ።»

እረፊ! ደከመኝ ያልኩት መቼ ነው?

ሰጠኋት። ፖስታው ውስጥ ፎቶዎቹ አሉ፣ የአሜሪካው ሰርተፊኬት አለ፣ የሞላሁት ወረቀት አለ። ፓስፖርቱ ብቻ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከጂኦሜትሪ መጽሐፉ ሥር ቀረ። ስርቆት አይደለም፣ ለአንድ ቀን ነው። አንጁ መላው ይጠፋታል፣ «ማዕዶት የት አለች?» ይባላል፣ እኔ እገባለሁ። ያሰብኩት ይኼንን ብቻ ነው።

በማግስቱ አንጁ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። «ፓስፖርቱ የለም።»

«ላንቺ ነው የሰጠሁሽ፣ አይደል?» አለኝ ሚስተር ኩሪየን።

«ውይ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ቀርቶ ነው» ልል አፌን ከፍቻለሁ። ምለው። አንጁ ግን ቀደመችኝ፤ ፈገግ ብላ በእንግሊዝኛ «ችግር የለም አፓቻ፣ ትንንሽ ልጆች ዕቃ ይጠፋባቸዋል» አለች። ትንንሽ ልጆች! በሁለት ዓመት ነው የምትበልጠኝ!

«እኔ መልሻለሁ» አልኩ። «ሰኞ ነው የመለስኩልህ። ኮትህ ኪስ ከተትከው። ረሳኸው?»

እጁን ኮቱ ኪስ አስገባ፣ አወጣ፣ በሌላው አስገባ። «እንደዚያ ነው?» አለ ቀስ ብሎ። አንጁ ፈገግታዋ ጠፋ። እኔ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ሦስት ቀን ፈለጉ። ቤቱን፣ መኪናውን፣ የኛን የምስር ጆንያ ሳይቀር። ፓስፖርቱ ጠፋ ብለው ቢያመለክቱ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ አንጁ ደውላ ጠየቀች፤ ትኬቱ እንደሚቃጠል ታወቀ። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ፀጉሯ ተንጨባሮ፣ ፍሪጅ ሥር በስልክ መብራት ስታይ፣ እኔ ማንጎ ጁሴን እየጠጣሁ ነበር። ጣፍጦኝ ነበር፣ አልዋሽም። መመለሻው መንገድ ግን በየቀኑ ይጠብ ጀመር። የመጀመሪያ ቀን «ቀርቶ ነው» ይባላል። በሦስተኛው ቀን ምን ይባላል?

ዓርብ ከሰዓት መደርደሪያው ጀርባ ድምፅ ሰማሁ። ሚስተር ኩሪየን ብቻውን ተቀምጦ በጣቱ ይቆጥራል።

«አንድ፣ አበባ ታደሰ። ሁለት፣ አህመድ ኑሩ። ሦስት፣ አምሳለ ደምሴ…»

የናቴን ክፍል ስም እየጠራ ነው። ሠላሳ ደረሰ፣ «ሠላሳ፣ ከድጃ ሁሴን። ሠላሳ አንድ…» ቆመ። ወደ ሃያ ስምንት ተመልሶ እንደገና መጣ። «ሠላሳ አንድ…» እንደገና ቆመ። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

ሮጬ እናቴ ጋ ሄድኩ። «ምን ሆኖ ነው ስም የሚጠራው?»

እናቴ የበርበሬ ላስቲክ እያሸገች ነበር፣ ቀና አላለችም። «ራሳቸውን እየፈተኑ ነዋ። ሚስታቸው እንዴት እንደሞተች አታውቂም? መጀመሪያ ቁልፍ ረሳች። ከዚያ መንገድ። መጨረሻ ላይ ቲቸርን ‹ማነህ?› ትላቸው ነበር። አሁን ደግሞ ፓስፖርት ተቀብለው የት እንዳደረጉት ጠፋቸው። ይፈራሉ እኮ።»

ቦርሳዬን አነሳሁ።

እና ምን አደረግኩ? የፈሪ ነገር አደረግኩ። ሽንት ቤት ሲሄድ ፓስፖርቱን ወንበሩ ላይ ከተሰቀለው ኮት ኪስ ከተትኩት። ያገኘዋል፣ ይስቃል፣ ያልቃል።

አገኘው። አልሳቀም።

ፓስፖርቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አየው፣ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ። አንጁ ጮኸች፣ እናቴ «ተመስገን!» አለች፣ ጋሼ ወንድይፍራው አጨበጨበ። ሚስተር ኩሪየን እጁን አነሳ፤ ክፍል ዝም ሲያሰኝ እንደዚያ ያደርግ ነበር መሰለኝ፣ ሁሉም ዝም አለ።

«ይኼን ኪስ አሥር ጊዜ ፈትሻለሁ። ዛሬ ጠዋትም ፈትሻለሁ» አለ፣ አንጁም እንድትሰማ በእንግሊዝኛ። «እጄ ነክቶት አእምሮዬ አላወቀውም ማለት ነው። አንጁ፣ ለእናትሽ ደውዪላት። ትኬቱን ሰርዙት። ቤቱንም እለቃለሁ፣ እናንተ ጋ ሂውስተን እገባለሁ። እንደ ሚስቴ መንገድ ላይ ከመጥፋቴ በፊት።»

አንጁ ስልኳን አወጣች። እኔ ደግሞ ከጥርስ ሐኪም ይልቅ የምፈራው ነገር መጣብኝ፤ ከነሱ መሃል እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

«ኪስህ ባዶ ነበር» አልኩ።

«ምን?»

«ባዶ ነበር። አሥር ጊዜም ባዶ ነበር። አሁን የከተትኩት እኔ ነኝ። ሰኞም አልመለስኩልህም። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።»

እናቴ የያዘችውን ላስቲክ ቀስ ብላ አስቀመጠች። እናቴ ዕቃ ስታስቀምጥ ነው የሚያስፈራው። «ድገሚው።»

ደገምኩት። ከዚያ አንጁ «ምን አለች?» አለች። አማርኛ አታውቅማ! ስለዚህ በእንግሊዝኛ ለሦስተኛ ጊዜ ተናዘዝኩ፣ እዚያ ነጠላ ፊት ቆሜ። በእንግሊዝኛ የበለጠ ያስጠላል፣ የሚያለዝብ ቃል የለውም።

«ለምን?» አለኝ ሚስተር ኩሪየን።

«እረፊ አልከኝ።»

«እረፊ ስላልኩሽ?»

«ኮሮላውን ሰጠሃት። ፎርሙንም ሰጠሃት። እናቴ ነጠላ ሰጠቻት። እትዬ የምሥራች እንኳ…» አልቀጠልኩም፣ አፍንጫዬ መፍሰስ ጀመረ።

ጋሼ ወንድይፍራው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ብያለሁ። ካልሲ መሳቢያ ውስጥ ቢሆን ኖሮ…»

«ወንድይፍራው!» አለች እናቴ።

ሚስተር ኩሪየን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «አሥር ጊዜም ባዶ ነበር» አለ ለራሱ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። እየሳቀ ነው። ትንሽ ቆይቶ ግን ሁለቱንም ያደርግ ነበር። አንጁ አቀፈችው። እኔን አላቀፈችኝም፣ አልፈርድባትም፤ «አንቺ እኮ በሽተኛ ነሽ» ነው ያለችኝ።

ቅጣቴ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ሰኞ ዕለት ወረቀቱን የሚቀበለው ቢሮ ስንሄድ ፖስታውን ጭኔ ላይ ይዤ በኮሮላው የኋላ ወንበር መቀመጥ። አንጁ ድራይቭ ታደርጋለች፣ በየመብራቱ በመስታወት ታየኛለች፣ ፖስታው እንዳለ ለማረጋገጥ።

ፓስፖርቱ ከጉዞው ስድስት ቀን በፊት ተመልሶ መጣ፤ ማህተም ተመትቶበት፣ ተሰርዞ፣ ከነወረቀቱ። አዲሱ የአሜሪካ ፓስፖርቱም ቪዛ ተመትቶበት አብሮ መጣ። ሚስተር ኩሪየን ማህተሙን በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ዳሰሰው። «ክሊራንሴ» አለ። እንኳን ደስ አለህ ልል ነበር፣ ፊቱን አይቼ ተውኩት። ሰማያዊውን ሽፋን በመሐረቡ ጠርጎ ኮቱ ኪስ ከተተው፣ ከዚያ ኪሱን ከላይ መታ መታ አደረገው።

ሁለተኛው ቅጣቴ ደብተር ነበር። ጉዞው እስኪደርስ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሱቅ እመጣለሁ፣ እሱ የአሰላን ክፍል ስም ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ። አርባ ስምንት ሰው። ሠላሳ ላይ ስንደርስ ግን ያው ነው፣ ይቆማል። ኪሱ ባዶ እንደነበር ማወቁ ይኼን ባዶ መስመር አልሞላውም። እሱ አየኝ፣ እኔም አየሁት።

«ባዶ አይቀመጥም» አለ በመጨረሻ። «እስኪመጣልኝ አንቺ ግቢበት።»

ሠላሳ አንድ፣ ማዕዶት። በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፍኩት።

አንጁ ትከሻዬ ላይ አንገቷን አስግጋ «የኔ ቁጥር ስንት ነው?» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ውስጥ የማውቀው ነገር ሰማሁ፤ እኔ ነኝ የማውቀው፣ ሰመሩን ሙሉ ሲበላኝ የነበረ ነገር ነው። ቁጥር የለሽም አልኳት። በትህትና።

ኦገስት ሃያ ሄዱ። በሳምንቱ የሱቁ ስልክ ጮኸ። ከኬረላ ነው። ወንድሙ ፊቱን በእጁም በዓይኑም እንዳየው ለእናቴ ነገራት፤ እናቴ አለቀሰች። ከዚያ «ማዕዶትን አቅርቢልኝ» አለ።

«ማዕዶት! መጣልኝ! ሠላሳ አንድ ለይኩን ነው፣ ለይኩን በቀለ፣ መስኮት ሥር ነበር የሚቀመጠው!»

እንዲህ ደስ ብሎት ሰምቼው አላውቅም። እኔም ደስ አለኝ፣ ከምር። ከዚያ ደግሞ መስኮት ሥር ይቀመጥ በነበረ፣ አይቼው በማላውቀው የአሰላ ልጅ ቅናት አናቴ ላይ ወጣ።

ደብተሩን አውጥቼ ሠላሳ አንድ ላይ ለይኩን በቀለ ብዬ ጻፍኩ። የራሴን ስም ግን አልሰረዝኩም። አንድ መስመር ላይ ሁለት ሰው አይፈቀድም ካለኝ፣ ሲመለስ ክሊራንስ ይጠይቀኝ።