ክኒኑና ፔርሙሱ

እናት በላቦራቶሪው ኮሪደር መቀመጥ አቃታት። ቁጭ ትላለች፣ ብድግ ትላለች፤ ፔርሙሷን ካንዱ ብብት ወደ ሌላው ታዛውራለች። «ሚዳቋ» የሚሏት ሯጭ ልጇ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ድሮ ስንቱን አገር ሮጣ መጥታ እንኳ ደረጃውን ዘላ የምትወጣ ልጅ፣ ዛሬ መሃሉ ላይ ቆማ ነው ትንፋሿን የሰበሰበችው።

«እማዬ፣ ሯጯ አንቺ ነሽ እኔ? አዞርሽኝ እኮ!»

«ዝም በይ አንቺ! ውጤቱ ሳይመጣ እንዴት ልቀመጥ!»

እውነቷን ነው፣ ልጆቼ። ባለፈው ሲመረመር የልጅቷ ደም ብረቱ ተሟጦ ነበር የተገኘው። የብረት ክኒን ታዘዘላት። አሰልጣኙም «ዛሬ ካልጨመረ ከውድድሩ አወጣሻለሁ» ብሏል። ዓመቱን ሙሉ ጎህ ሳይቀድ የተነሳችው ደግሞ ለዚያው ውድድር ነው።

ውጤቱ መጣ። ፈቅ አላለም።

አብሯቸው የመጣው አሰልጣኝ ወረቀቱን አጠፈው። «ክኒኑን እየጣልሽው ነው ማለት ነው።»

«እውጣለሁ! በየቀኑ እውጣለሁ!»

«አንተ ሰው፣ ምን ነካህ!» አለች እናት። «በነጋ በጠባ እኔው ነኝ የማስውጣት። ሆዴን አቃጠለኝ ስትል፣ ትኩስ ሻይ ጠቆር አድርጌ እየቀዳሁ!»

ደም የቀዳችው ባለሙያ ቀና አለች። «በሻይ ነው የሚያስውጧት፣ እናቴ?»

«ታዲያ በምን ልትውጠው ኖሯል?»

«በውሃ፣ ወይም በብርቱካን ጭማቂ። ሻይ እኮ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል።»

እናት እባብ የታቀፈች ይመስል ፔርሙሱን ከብብቷ አራቀችው። «በገዛ እጄ!»

አሰልጣኙ አንገቱን ደፋ። «ጠረጠርኩሽ፤ ይቅር በይኝ። ይሄ ውድድር ግን አልፎሻል፣ በዚህ ደም አላስሮጥሽም። በውሃ ጀምሪና ደግመን እንመርምር፤ የሚቀጥለው ላይ ያድርስሽ።»

ሚዳቋ ከንፈሯን ነከሰች። እንባዋ ሊያመልጣት ሲል እናቷ ፔርሙሱን ይዛ ወደ ቆሻሻ መጣያው ስትገሰግስ አየች፤ ተነስታ እጇን ያዘቻት።

«ወዴት ነው እሱ?»

«ልደፋው ነዋ፣ ጠላትሽን!»

«ቀጣዩ ክኒን ነገ ጠዋት ነው። ዛሬ ምን አጠፋ? ነይ፣ ቁጭ ብለን አንድ አንድ እንበል።»

እናት ለሁለቱም ቀዳች። መቀመጡ ግን አሁንም አልሆነላትም። ቆማ ፉት እያለች፣ በመስኮቱ በኩል ከመንገዱ ማዶ ብርቱካን የተከመረበትን ሱቅ ታያለች፤ እስክትደርስ እንዳይዘጋባት ቸኩላለች።