የአባባ አራት ሥዕሎች

ሰፈሩ «ኢንጂነር» ይለዋል፤ እውነቱን ለመናገር ግን የወረቀት ፋብሪካ መጋዘን ሠራተኛ ነው። ስሙ የወጣለት የማታ ኮርስ ወስዶ ጃቫ በሚሉት ቋንቋ ኮምፒውተር ማዘዝ ስለተማረ ነው። ያን ቀን ታዲያ ስሙ ሊያዋርደው ደርሶ ነበር።

አባቱ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቃል አይወጣቸውም። ራስ መነቅነቃቸውም አይታመንም፤ እሺም ሲሉ እምቢም ሲሉ ያው ወደ ታች ነው። ነርስ የሆነችው ታላቅ እህቱ ከሌላ ከተማ ደውላ ቁርጡን ነግራዋለች፤ የሚፈልጉትን መናገር የማይችሉ ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን አይውሉም፣ መጥታ ትወስዳቸዋለች።

አባባ ከዚያ ቤት መውጣት እንደማይፈልጉ ልጁ ያውቃል። ግን ማን ይመስክርላቸው? መጀመሪያ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚነኩ፣ ቃል የተጻፈባቸው ቁልፎች ሠራላቸው፤ ፊደል ከበሽታው ጋር አብሮ ጠፍቶባቸው ኖሯል። ስለዚህ በምሳ ሰዓቱ በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ሥዕልና ድምፅ ጨመረበት። ብርጭቆው ሲነካ «ውሃ ጠማኝ» ይላል፣ ብርድ ልብሱ «በረደኝ»፣ የሽንት ቤቱ ሥዕል «ልነሳ»፣ ግንባሩን የያዘው ሰው «አሞኛል»። ድምፁ ከግድግዳ ማዶ እስካለችው ልብስ ሰፊ ጎረቤት ድረስ እንዲሰማና እሱ ሥራ ሲውል እንድትደርስላቸው ነው።

እህቱ መጥታ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች፣ ፕሮግራሙን በፍላሽ አምጥቶ የጫነበትን የአባባን ኮምፒውተር ከፈተ። አራት ግራጫ ሳጥን፣ ባዶ። ቢጫንም ጭጭ።

«ሥራህ ይሄ ነው?» አለችው።

«መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበር፣ እታለም።»

«አባባን መሥሪያ ቤት ወስደን እናስቀምጣቸዋ።»

የጻፈውን ትእዛዝ ከፈተ። ሲያየው ለካ ሥዕሎቹን ከመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር እንዲያመጣ ነበር ያዘዘው፤ እንግዳን የሰው ቤት አድራሻ አስይዞ እንደ መላክ። ደግነቱ ሥዕሎቹም ድምፆቹም ፍላሹ ላይ አሉ። ፕሮግራሙ ባለበት ፎልደር ውስጥ ከተታቸው፣ ረጅሙን አድራሻ አጥፍቶ ስማቸውን ብቻ ተወ። ሲቸኩል አንድ ፊደል ሳተ፤ ሽንት ቤቱ አልመጣም። አረመው። አራቱም መጡ።

አባባ በግራ እጃቸው ማውሱን ይዘው ብርጭቆውን ተጫኑ። ውሃ ጠማኝ አለ። ከማዶ የስፌት መኪናዋ ቆመች፣ ልብስ ሰፊዋም ማሰሮ ይዛ ገባች።

እህቱ ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ። «ጥሩ ነው። ግን አባባ፣ ከእኔ ጋር ቢሄዱ አይሻልም?»

ኢንጂነሩ ክው አለ። ውሃውንም ብርዱንም ሲያስብ እምቢታን ረስቷታል። አባባ ራሳቸውን ወደ ታች ነቀነቁ።

«ይኸው፣ እሺ አሉ» ብላ ተነሳች።

ግራ እጃቸው ማውሱ ላይ ተጣደፈ። «አሞኛል።»

እህት ደንግጣ የእጃቸውን ትርታ ያዘች፤ ደህና ነው። የት ጋ እንዳመማቸው ብትጠይቃቸው ዓይናቸው ቦርሳዋ ላይ ነው። ነርስ ናትና ፈተነቻቸው።

«እዚሁ ልተውዎት?» እጃቸው አረፈ።

«ልውሰድዎት?»

«አሞኛል።»

ደግማ ብትሞክርም ያው ሆነ። ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠችና ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች። «መሄዱ ነው ያመማቸው» አለቻት ለልብስ ሰፊዋ። ወደ ወንድሟም ዞራ፣ «አንተ ኢንጂነር፣ የእምቢታ ሥዕል ሳትሠራ ከዚህ ወንበር ንቅንቅ የለም» አለችው።

እምቢታ ምን ይመስላል? ራሱን ሲያክ ቆይቶ ስልኩን አወጣና ካሜራውን አባቱ ፊት ላይ ደገነ።

«እስቲ እታለም፣ አንዴ ልውሰድዎት በያቸው።»