ፀጉረ ልውጥ

መሪጌታ ወልደ ጻድቅ፣ ልጃቸው ብሥራት የገባችበት የወጣት ፖሊሶች ማኅበር ከጅምሩ አልጣማቸውም። ሲቋቋም ሕፃናትን አስፋልት ያሻግር ነበር። ቀጥሎ መለዮና ፊሽካ መጣ፤ ዘንድሮ ደግሞ ፀጉረ ልውጥ መጠቆም ታከለበት። «ነገ እኔኑ ትጠቁማለች» ብለው እሷ ስትገባ ወሬያቸውን ያቋርጡ ጀመር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ጣናን አቋርጦ ከመጣው የቁንዝላ ጀልባ የወረደ አንድ መንገደኛ በራቸው ላይ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ» አለ። በዚህ ቤት እንግዳ እህል ሳይቀምስ አገሩን ተጠይቆ አያውቅም። መሪጌታ ግን፣ ማኅበሩ ሊፈትናቸው የላከው መስሏቸው፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ «ከየት መጣህ? ማንስ ላከህ?» አሉት።

ሰውየው ዘንጉን አንሥቶ ሄደ።

ብሥራት ድምፁን ሰምታ ኖሮ፣ መለዮዋን እንደደፋች የእግር ውኃ ይዛ ከጓዳ ወጣች።

«አባባ፣ እንግዳው የት ሄዱ?»