አንበሳ ገዳዩ የት ይጦር

ብርቄ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ነው የሰማችው። አያ አስናቀው በቆርቆሮው አጥር ወዲያ በስልክ ይጮሃል። እሱ በስልክ ሲያወራ ሰውዬው ከገደል ማዶ የቆመ ይመስለዋል፤ ማራኪ ሰፈር ያለ ተከራይ ተማሪ ሁሉ የእሱን ምሥጢር ያውቃል። ብርቄ ደግሞ የሰማችውን ይዛ የምታድር ሴት አይደለችም። ያልተጨመቀውን አንሶላ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ትታ በጓሮ በር ወደ ሚስቱ ወደ የትነበርሽ መጣች።

«እኔ አልነገርኩሽም» አለች፣ ገና ሳትቀመጥ። «ባልሽ ቆላ ቤት እያሠራ ነው። ክዳኑ ብቻ ነው የቀረው። ያኛው በስልክ ‹እሷስ ምን አለች?› ቢለው ጊዜ፣ ‹ትከተላለች እንጂ ምን ትላለች› ብሎ ሲመልስ ሰማሁት። እኔ አልነገርኩሽም።»

የትነበርሽ ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና አላለችም። ጠጠሯን አነሳች፣ ጣለች፣ ደግሞ አነሳች። ብርቄ ለቅሶም ሆነ እርግማን ጠብቃ ነበር፤ ሲቀርባት ጊዜ ከፍቷት ወደ አንሶላዋ ተመለሰች።

አያ አስናቀው ማለት እንግዲህ ገዳይ ነው። የሰው አይደለም፣ የአውሬ። በጎልማሳነቱ ቆላ አርማጭሆ ኖሮ ጎሽ ጥሏል፣ ዝሆን ጥሏል፣ በመጨረሻም አንበሳ። የአንበሳው ጎፈር እስካሁን ሣጥን ውስጥ አለ፤ ብል በልቶት ያረጀ ለምድ መስሏል፣ እሱ ግን በየፋሲካው አውጥቶ ፀሐይ ያሞቀዋል። አውሬው ሲያልቅ ጊዜ የአውሬ ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። ለጅብ ሥጋ አደራ ይሉሃል ይኸ ነው። የሚጠብቀው ነገር ስላልነበረ ሥራው አልከበደውም፤ ሚዳቋ እንኳ ባይኑ ሳያይ አርጅቶ ጡረታ ወጣ።

ጡረታ ሲወጣ ልጃቸው ኤሌኒ ሁለቱንም አምጥታ ማራኪ ከቤቷ አስቀመጠቻቸው። ኤሌኒ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትሠራ። የትነበርሽ የስኳር በሽተኛ ናት፣ እዚህ ሐኪሙ ቅርብ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው፣ ማኪናው ከደጅ ነው። ባልጋ ላይ ተኝታ ቧንቧው ሲንጠባጠብ ስትሰማ ውኃ ከቤት መኖሩ ያስቃታል። ገነት ከዚህ ከራቀ ይቅርብኝ ብላለች አሉ፤ ንስሐ አባቷ ሰምተው ተቆጥተዋታል።

እሱ ግን አልተመቸውም። ሰው ሲያረጅ የሚጦርበትን ቦታ ሲመርጥ ውኃውን ያያል፣ አየሩን ያያል፣ ዘመዱን ያያል። አያ አስናቀው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ምን አውሬ አለ? ማክሰኝት ያለው የየትነበርሽ ወንድም፣ ሁለት ክፍል ቤት ባዶ ነውና ኑ ቢላቸው፣ እዚያ የቀረው አውሬ የከብት ደላላ ነው ብሎ መለሰለት። ደባርቅ ሸጋ አገር ነው፣ ዋልያ አለ ቢሉት፣ ዋልያን በመነጽር እያዩ መኖር የገዛ ሚስትን በሰው ቤት እንደማየት ነው አለ። ትክል ድንጋይ የአባቱ አገር ነው፤ ደጋ ነው፣ ንዳድ አያውቀውም፣ መሬትም አለው። እሱንም ናቀው። ጫካው ሁሉ ማሳ ሆኗል፣ ጥንቸል ብትመጣ መደበቂያ የላት አለ። ማራኪማ ምኑ ይወራል። ጅቡ የተማሪ ትራፊ ለምዶ ሰው ሲያይ እንኳ አይሸሽም፤ እንዲህ ያለ ጅብ ለገዳይ ስድብ ነው።

የቀረው ያ የኖሩበት ቆላ ነው። አያ ዕንባቆም የሚባል የአደን ጓደኛው ዛሬም እዚያው አለ። አያ አስናቀው ባለፈው ክረምት ደውሎ ሲወተውተው ጊዜ፣ አዎ፣ አንድ ቀን የሚያገሳ ነገር ሰምቻለሁ አለው። አንበሳ ይሁን የሰሊጥ ጭነት የከበደው ማኪና፣ እግዜር ይወቅ። ለአያ አስናቀው ግን በቃው።

ነገሩን ላጤነው አንበሳውም ሰበብ ነው። በነሱ ደንብ ገዳይ እንደ ማንም ሰው አይቀበርም። ጎፈሩ ይወጣል፣ ጠመንጃው ይወጣል፣ ከለቅሶው መሐል ያየ ሰው ይቆምና ግዳዩን ይቆጥርለታል። ከዚህ ስፍራ ይኸን አውሬ ፊት ያደማ እሱ ነው፣ አይቻለሁ ይላል። ፊት ማድማት፣ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ማቁሰል ነው ቁም ነገሩ፤ ፊት ያደማ ሰው፣ አውሬውን ሌላ ተከትሎ ቢጥለውም፣ ግዳዩ የእሱ ነው። ያላየ ሰው ቢቆጥር ግን ለሟቹ ውርደት ነው። አያ አስናቀው ሲገድል ካዩት ሁሉ በሕይወት የተረፈው አያ ዕንባቆም ነው። እና ማራኪ ሞቶ፣ እድሩ ድንኳን ጥሎ፣ የኤሌኒ ጓደኞች ጥቁር መነጽር አድርገው መጥተው፣ ንፍሮ ቀምሰው፣ «ጥሩ አባት ነበሩ» ብለው ሲበተኑ ይታየዋል። ይኸ ከሞቱ በላይ አስፈራው። ሰው ለመጦሪያው ልጁን ይመርጣል፤ እሱ ምስክሩን መረጠ።

የትነበርሽ ደግሞ ቆላ ሁለት ልጆች አሏት፤ ከአፈር በታች። ነጋና አየለች ይባላሉ፣ የኤሌኒ ታላላቆች። ንዳድ የያዛቸው፣ አባታቸው ያደማውን አንበሳ ተከትሎ ጫካ በገባበት ሰሞን ነው። የጎረቤት ሰው ላከችበት። ከጫካው እየሮጠ የመጣላት አያ ዕንባቆም ነው፣ ለብቻው። አንዱን ልጅ አዝሎ አንዱን ታቅፎ ሐኪም ፍለጋ ወደ ደጋ ሲወጣ መንገድ ላይ አለቁበት። እዚያው መንገድ ዳር ካለች ጊዮርጊስ እሱው ቀበራቸው።

ባልየው የመጣ ከዚያ በኋላ ነው። ጎፈሩን በዱላ ሰቅሎ፣ እየፎከረ፣ እየተኮሰ፣ ለቅሶ ቤት ገባ። ደንቡ ገዳይ ሲመለስ ሚስቱ ራሱን ቅቤ ትቀባዋለች ይላል። የመንደሩ ሽማግሌዎች ደንብ ደንብ ነው አሏት። የትነበርሽም ለልጆቿ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ፊቷን ነጭታ፣ በዚያው እጇ ቅቤ አፍሳ ቀባችው። ሴቶቹ ማልቀሱንም እልል ማለቱንም ሳይለዩ ቀሩ።

ምነው ቀረህ ብላ ጠይቃዋለች ኋላ። ዕንባቆምና እኔ ተለያይተን ነበር፣ የላክሽው ሰው እኔን አላገኘኝም፣ አልሰማሁም አላት። በጊዮርጊስ ማለላት። አመነች። አምናው ነው ኤሌኒን የወለደችለት። ቢሰማ ኖሮ ይመጣ ነበር እያለች ነው ይኸን ሁሉ ዘመን ከጎኑ የተኛችው። አያ ዕንባቆምን ግን አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም።

ብርቄ ወሬውን ባመጣችበት ቀን ምሳውን አቀረበችለት፣ ውኃ አስታጠበችው፣ ከአጠገቡ ተቀመጠች። ሁለት ጉርሻ እስኪውጥ ጠበቀችው።

«ክዳኑስ ምን ላይ ደረሰ?» አለችው።

«የምን ክዳን?»

«የቤትህ ነዋ። ብርቄ አልነገረችኝም።»

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ሰላም አልነበረም። እሱ ያባቶቹን ደንብ ይቆጥራል፤ እሷ ሬሳዬ እንኳ አይወርድም ትላለች። እሱ ይኮርፋል፣ እሷ ቡናውን ለራሷ ብቻ ታፈላለች። ኤሌኒ ከሥራ ስትመለስ ከግራም ከቀኝም ክስ ይጠብቃታል። በመጨረሻ ልጅቱ መሯት፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ንስሐ አባታቸውን ቄስ ሐብተ ማርያምን ጠራች። አያ አስናቀው ይኸን ሲሰማ እሱም አያ ዕንባቆምን ከቆላ አስመጣ። ብርቄን የጠራት የለም፤ ወንፊት ልዋስ ብላ መጥታ ከበሩ አጠገብ ቀረች።

አያ ዕንባቆም ከስቷል፣ ባንድ ዓይኑ ሞራ ጋርዶታል። የትነበርሽ ሰው ሁሉ እያየ ጎንበስ ብላ እግሩን ልታጥበው ብትል እንቢ አላት። ልጆቿን የቀበረ እጅ ነውና እጁን ሳመችው። እሱም ጥግ ይዞ ተቀመጠ።

ኤሌኒ ጀመረች። የእማዬ መርፌ ከፍሪጅ ከወጣ ይበላሻል፣ ቆላ መብራት የለም፣ ሙቀቱ ይገድላታል አለች።

«መርፌ ሳይኖርም ሰው ይኖር ነበር» አላት አባቷ።

«አዎ፣ ይኖርና ይሞት ነበር» አለች ብርቄ ከበሩ።

ቄስ ሐብተ ማርያም ብርቄን በዓይናቸው ገሥጸው ወደ የትነበርሽ ዞሩ። ሽማግሌ ናቸው፣ አነጋገራቸው ለስላሳ ነው፤ ባልና ሚስት አንድ አካል ነው፣ ሰውዬው አርጅቷል፣ ምን ያህል ዕድሜ ቀረው፣ ዓይኑን የሚከድነው ማነው እያሉ ቀስ በቀስ አለዘቧት። ደግሞም ልጆችሽ እዚያ አይደሉም ወይ፣ መቃብራቸውን የሚያይ ሰው አይኖርም ወይ አሏት። ይኸኛው ገባት። የነጠላዋን ጥለት ስታፍተለትል ቆየች። እንግዲህ ካላችሁ ምን አደርጋለሁ፣ ልጆቼ ካሉበት ልሙት አለች፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ። ኤሌኒ እናቷን አየቻትና ፊቷን አዞረች። አለቀ። አያ አስናቀው አሸነፈ።

እዚህ ላይ ዝም ቢል ኖሮ አሁን ቆላ ነበሩ። ገዳይ ግን ፉከራ ካልተከተለው የገደለ አይመስለውም። ተነሥቶ ያንን ብል የበላው ጎፈር ከሣጥን አወጣ፣ አራግፎ ትከሻው ላይ ጣለው፤ አቧራው የቄሱን ጢም አለበሰ። ልጄ የማን ልጅ እንደሆነች ትስማ፣ አባም ይስሙ አለ። ከዚያ ወደ ጥጉ ዞሮ፣ ዕንባቆም ተነሥ፣ በለቅሶዬ ቀን እንደምትቆጥረው አሁን ቁጠርልኝ አለው።

አያ ዕንባቆም ይቅርብህ አለው። ግዳይ የሚቆጠር ለሞተ ነው፣ በቁም ሲቆጠር ነውር ነው አለ።

«ፈራህ እንዴ» አለው አያ አስናቀው እየሳቀ። «ወይስ ቆላው አእምሮህን በላው? ትላንት የበላውን የማያስታውስ ሰው ነው ለካ ምስክር ብዬ የያዝኩ።»

አያ ዕንባቆም ዱላውን ወደ ጉልበቱ ሳበ።

«ያየኸውን ነው የምልህ። አትጨምር፣ አትቀንስ። ምስክር መቼም አይዋሽም። አይደለም ወይ፣ አባ?»

በሐሰት መመስከርማ ኃጢአት ነው አሉ ቄሱ፣ ጢማቸውን እያራገፉ።

አያ ዕንባቆም ዱላውን ተደግፎ ተነሣ። ድምፁ እንደ ድሮው አይደለም፣ ግን ደንቡን አልሳተም። የጎሾቹን ስፍራ በየስሙ ጠራ፤ ፊት ያደማ አስናቀው ነው፣ አይቻለሁ አለ። የዝሆኑን ጠራ፤ አይቻለሁ አለ። የአንበሳውን ጠራ። ከወንዙ ማዶ ከሸምበቆው ሥር እንደተኛ፣ ሲነሣ አስናቀው ትከሻው ላይ እንደመታው፣ ደሙን እየጣለ ጫካ እንደገባ ተናገረ። ፊት ያደማ እሱ ነው፣ አይቻለሁ አለ።

አያ አስናቀው ጎፈሩን ትከሻው ላይ አስተካከለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ኤሌኒ እንኳ፣ ያባቷን ወሬ ስትሰለች ያደገች ልጅ፣ አንድ አፍታ አፏን ከፍታ ሰማች።

አያ ዕንባቆም ሊቀመጥ ጎንበስ አለ።

«ምነው ቁጭ አልክ» አለው አያ አስናቀው። «ገና አልወደቀም እኮ። ቀጥል እንጂ፣ ከዚያስ?»

አያ ዕንባቆም ከጎነበሰበት ቀና አለ። ደህና የሆነችው ዓይኑ ወደ የትነበርሽ ሄደች፣ እዚያ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ ወደ እሱ ተመለሰች።

«ከዚያማ እሷ የላከችው ሰው መጣ። አብረን ነበርን። ‹ልጆችህ እየሞቱ ነው› አለህ። እኔም ‹አድምተኸዋል፣ ማንም ቢጥለው ያንተ ነው፣ እንሂድ› አልኩህ። ‹ጎፈሩን ጅብ ያበላሽብኛል፣ አንተ ሂድና እያቸው› አልከኝ። ይኸንንም አይቻለሁ። እና ስትሞት፣ አያ አስናቀው፣ ከየትኛው ልጀምርልህ?»