የአዲሱ ፒስተን ሰሞን

ሞተር ሳይክል ጠጋኙን ሰፈሩ «መርማሪው» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። የተበላሸ ሞተር እየገፋ የመጣ ሰው መቀመጫ እንኳ ሳይቀርብለት ትናንት የት እንደዋለ፣ ሞተሩን ለማን እንዳዋሰ፣ ቤንዚኑን ከየት እንደቀዳ ይጠየቃል፤ መልሱም አይታመንለትም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ሰውዬው፣ ከዚህ ሌላ ተረት የሰማ አይመስልም። ሥራውን ግን ጠላቶቹም አይነቅፉበትም።

ጋራዡ ውስጥ የሚሠራው ከሚስቱ ወንድም ጋር ነው። ያኛው ቅጽል ስሙ «ጭጭ» ነው፤ ሰላምታ እንኳ በቅንድቡ ነው የሚመልሰው። ለጠርጣሪ ሰው ደግሞ ከዝምተኛ አማች የባሰ ፈተና የለም። የሚናገር ሰው ቢያንስ ሲዋሽ ይያዛል።

በሁለቱ መካከል ነገር የተቋጠረው አምና ነው። የመርማሪው አንድያ ልጅ በጭቃና በኮረብታ ላይ በሚደረግ የሞተር ውድድር ትሳተፋለች። ሞተሯ ዘይቷን ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅላ ከምትጠጣው ወገን ናት፤ ዘይቱ ከተረሳ ፒስተኑ ይደርቅና ሲሊንደሩን ይነክሳል። አምና ቁልቁለት ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሞተሩ ነክሶ ቀጥ አለ፣ የኋላ ጎማው ተቆለፈ፣ ልጅቷ ከፊት ተወርውራ የትከሻዋ አጥንት ተሰበረ። ዘይቱን ማን ረሳው? መርማሪው በሆዱ ጭጭ ነው ይላል። ጭጭ ምንም አይልም፣ አስተያየቱ ግን «አንተ ነህ» የሚል ነው። ሁለቱም አፍ አውጥተው ሳይነጋገሩ ዓመት አለፈ፣ ነገሩም በሆዳቸው እንዳደረ ቀረ።

ዘንድሮ ልጅቷ ድና ተመለሰች። አባቷ አዲስ ፒስተን ገዛ፤ ፒስተኑን የሚታቀፈውን ቀለበት፣ ማለትም ፋሻውን ቀየረ። ሚስቱ ደግሞ ጭቅጭቅ እንዳይነሳ ሥራውን ከፋፈለችላቸው፦ ሞተሩን መግጠም የባሏ፣ ቤንዚኑን ከዘይት መቀላቀል የወንድሟ። ልጅቷ እራት ላይ ይህን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ ሳህኗን ገፋ አደረገች።

«ይሄ ሞተር አንድ ጊዜ ከነከሰ ከእናንተ ጋር አልነዳም» አለች። «ማዶ ያሉት ጋራዦች ጠይቀውኛል። እነሱ ጋ እሄዳለሁ።»

መርማሪው የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። ልጁን የሌላ ሰው እጅ በጠገነው ሞተር ላይ ማየት ለእሱ ከቤት አውጥቶ ለባዕድ እንደመስጠት ነው። ፈራ፤ ሲፈራ ደግሞ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም መጠርጠር።

አዲስ ፒስተን እንደ አዲስ ጫማ ነው፤ ገና እንደተደረገ አይሮጥበትም። መካኒኮች ይህን የማለማመጃ ጊዜ ሮዳጅ ይሉታል። ሞተሩ ተነስቶ እስኪሞቅ ይሠራል፣ ይጠፋል፣ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፣ እንደገና ይነሳል። ከዚያ ልጅቷ ከጋራዡ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ቀስ እያለች፣ ጋዙን ከፍ ዝቅ እያደረገች፣ ግን ጨርሳ ሳትከፍት ትነዳለች። ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር የሚስማማው እንዲህ ነው።

በመጀመሪያው ጠዋት መርማሪው ጋራዥ ሲገባ ጀሪካኑ ተሞልቶ ተቀምጧል። የዘይት መለኪያዋ ኩባያ ግን ደረቅ ናት። አነሳና አሸተታት። ጀሪካኑን ወደ መስኮቱ አዙሮ አየው፤ ዘይቱ ሰማያዊ ነው፣ ቤንዚኑ ግን የነጣ መሰለው። ጭጭን መቀላቀሉን ጠየቀው። ጭጭ ቅንድቡን ከፍ አደረገ።

ቅንድብ መሐላ አይደለም። ጭጭ ጓርኒሲዮን፣ በክዳኑና በሲሊንደሩ መሃል የሚገባውን ማሸጊያ፣ ሊገዛ እንደወጣ መርማሪው በሩን መለስ አድርጎ ዘይት በኩባያዋ ለክቶ ጨመረ፣ ኩባያዋን ጠርጎ እንደነበረች አስቀመጣት። ለጥንቃቄ ነው፣ አለ ለራሱ። እባብ ያየ በልጥ በረየ፣ ምን ይደረግ።

ከዚያ በኋላ ጀሪካን በተሞላ ቁጥር ይህንኑ ማድረግ ልማዱ ሆነ። ችግሩ፣ ሞተሯ መክፋት ጀመረች። ስትነሳ ሜዳውን በጭስ ትሸፍነዋለች፣ ከጭስ ማውጫዋ ጥቁር ዝቃጭ ይንጠባጠባል፣ ጋዝ ሲሰጣት ትንተባተባለች። እሳት የሚጭረው ካንዴላዋ በወጣ ቁጥር እርጥብና ጥቁር ነው። ልጅቷ ከሜዳው ስትመለስ ኮፍያዋን አውልቃ አባቷን ሳታየው ታልፋለች። እሱም ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል።

ዓይኑ ጭጭ ላይ ተተከለ። አንድ ቀን ከጀሪካኑ ጥግ እጁን እየጠረገ ሲወጣ አየው፤ ምን እየሠራህ ነበር ቢለው ቅንድብ። ሌላ ቀን የዘይቱ ጠርሙስ ከቦታው ፈቀቅ ብሎ አገኘው። አማቹ ከማዶዎቹ ጋር ተዋውሎ ሞተሯን ሆን ብሎ እያበላሸ ይሆናል ብሎ እስከማሰብ ደረሰ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ይህኛው እንኳ ሳይስቅ ነው የሚወስደው። አንድ ጠዋት ደግሞ ልጁ ቀድማው ጋራዥ ገብታ ጀሪካኑ አጠገብ ቆማ አገኛት። ጓንቴን እየፈለግሁ ነው አለችው። አብሯት ፈለገ። በዓለም ላይ የማይጠረጥራት ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

የውድድሩ ዋዜማ ሲደርስ አላስቻለውም። ሚስቱን፣ ጭጭንና ልጁን ጠርቶ በፊታቸው ሞተሩን ከፈተ። ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን ክዳን አነሳ፤ ሲሊንደሩን ወደ ላይ ስቦ አወጣ። የተጫረ ነገር ፍለጋ ጣቱን በውስጡ አዞረ። የለም። ፋሻው ዙሪያውን እኩል ያብረቀርቃል፣ ፒስተኑ ላይ ያለው ቀስት እንደሚገባው ወደ ጭስ ማውጫው ዞሯል። ሥራው እንከን አልነበረውም። የፒስተኑ አናት ብቻ በጥቁር ዘይት ረጥቧል፣ ጣቱን ቢያስነካው እስከ አንጓው ተለወሰ።

«እጅ ከፍንጅ!» አለ ወደ ጭጭ ዞሮ። «ይሄን ሁሉ ዘይት ማን ጨመረ?»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የገዛ እጁ ትዝ ያለው። ዘግይቷል። ጭጭ በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር ጀምሮ ነበር።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለ። «መጀመሪያ በደንብ ቀላቅዬ፣ ኩባያዋን ጠርጌ ነበር የተውኩት። ተመልሼ ሳየው ጀሪካኑ ከተውኩት ከፍ ብሏል። ንጹህ ቤንዚን የጨመርክበት መሰለኝ። እንደ አምናው እንዳይሆን ብዬ ዘይት ደገምኩበት።»

መርማሪው የጨመረው ቤንዚን ሳይሆን ዘይት መሆኑን ተናገረ፤ ድምፁ የራሱ አይመስልም ነበር። ሚስቱ ሳቋ መጣባትና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጅቷ ግን አልሳቀችም።

«እኔም ጠዋት ጠዋት እጨምር ነበር» አለች።

መርማሪው መፍቻውን አስቀመጠ። ደንበኛ ቢጠረጥረው፣ አማቹ ቢጠረጥረው ለምዶታል፤ የልጁን ግን አልለመደውም።

«እኔን ነው የጠረጠርሽው?»

«ሁለታችሁንም» አለች። «ከማን ተማርኩት ታዲያ?»

መርማሪው አጎንብሶ ፒስተኑን መጥረግ ጀመረ። አናቱን አጸዳ፣ ሲሊንደሩን መለሰ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን አስገባ፣ የክዳኑን ብሎኖች ተራ በተራ፣ አንዱን ከሌላው ሳያስበልጥ አጠበቀ፣ አዲስ ካንዴላ ሰካ። ጭጭ በበኩሉ ጀሪካኑንና የሞተሯን ቤንዚን መያዣ እስከ ጠብታው ገልብጦ ደፋ። ከዚያ አዲስ ቤንዚን ቀድቶ ኩባያዋን አነሳና ቆመ፤ አማቹ መጥቶ እንዲያይ እየጠበቀው ነበር።

መርማሪው ዓይኑ ወደዚያ ሄደ፣ እግሩም ሊከተል ተነሳ። ከዚያ ዞረ። ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ መፍቻዎቹ ወደተሰቀሉበት መልሶ ቆመ። ዘይቱ ሲንቆረቆር ሰማ፤ በዛ፣ አነሰ፣ ከድምፁ ለመለየት ታገለ፣ ግን አልዞረም። ጀሪካኑ ተናጠ፣ ሞተሯ ተሞላች።

«አባዬ» አለች ልጁ ከኋላው፣ «ልኬቱን አይተሃል?»

«አላየሁም።»

ጀርባውን ለረጅም ጊዜ አየችው፣ እሱ ደንበኛ እንደሚያየው አድርጋ። እሱም ስታየው ታውቆታል። ከዚያ የኮፍያዋ ማሰሪያ ሲጠብቅ፣ የማስነሻው መርገጫ ሲወርድ ሰማ። ሞተሯ በመጀመሪያው ተነሳች። መርማሪው አሁንም ወደ ግድግዳው እንደዞረ፣ ድምፁ ሳይንተባተብ ወደ ሜዳው ሲርቅ ያዳምጥ ነበር።